ከሶፋው እስከ ቦስፎረስ፦ የወደድነውን ድራማ ፍለጋ ወደ ኢስታንቡል

ሰዓቱ ደርሷል። የእራቱ ሰሃን ገና አልተነሣም። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን በግማሽ ትተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። ስልክ ቢጮህ የሚያነሣ የለም። ከዚያ የምናውቀው ሙዚቃ ይጀምርና ያ ሰማያዊ ውሃ፣ ያ ረጅም ድልድይ፣ ውሃው ዳር የቆሙት የሚያማምሩ ቤቶች ብቅ ይላሉ። ለተወሰኑ ዓመታት በብዙዎቻችን ሳሎን የምሽቱ ሥርዓት ይህ ነበር። ኢስታንቡልን በእግራችን ሳንረግጣት በዓይናችን ለመድናት።

እርስዎስ ድራማውን እያዩ “አንድ ቀን እዚህ ቦታ መሄድ አለብኝ” ብለው አያውቁም? ካሉ ብቻዎን አይደሉም። “የቀለበቶቹ ጌታ”ን የወደዱ ሰዎች የትንንሾቹን ፍጡራን መንደር ለማየት ኒውዚላንድ ይሄዳሉ። “ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ” የተባለውን የ1965 ፊልም ያልረሱ ደግሞ ዛሬም ሳልዝበርግ ከተማ ውስጥ ይዞራሉ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን እንዲህ ያለው ጉዞ ቢታሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ስም ኢስታንቡል ነው።

እኔም እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። የጉዟችን የመጀመሪያ ቀን ተበላሸብን፤ ሁለተኛው ግን ካሰብነው በላይ ሆነ። በሁለቱ ቀናት መካከል የተማርኩትን ላካፍልዎት፤ ምናልባት እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ይጠቀሙበት ይሆናል።

ኢስታንቡል እንዴት ሳሎናችን ገባች?

ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበልን። ከሁሉም በላይ መነጋገሪያ ከሆኑት አንዱ “ጥቁር ፍቅር” ነበር። የቱርክኛ ስሙ “ካራ ሴቭዳ” ነው፤ ቃል በቃልም ትርጉሙ ያው ጥቁር ፍቅር ነው። ቱርኮች ከልክ ላለፈ፣ ተስፋ ለሌለው ፍቅር የሚሉት አባባል ነው።

ታሪኩን ያስታውሱታል። የፀጉር አስተካካይ ልጅ የሆነው ከማልና የሀብታም ልጅ የሆነችው ሠዓሊዋ ኒሃን አውቶቡስ ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚያ ኤሚር ይመጣል፤ ከማልም ልቡ ተሰብሮ ወደ ከሰል ማዕድን ማውጫ ይሄዳል። ድራማው ቱርክ ውስጥ ከ2015 እስከ 2017 በ74 ክፍሎች የታየ ሲሆን፣ በ2017 በረጅም ተከታታይ ድራማ ዘርፍ ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። “ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?” ብለው ተማረው ከነበረ ምክንያት አለው። በቱርክ አንዱ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚታይ ነው። ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን እየተቆራረጠ አጫጭር ክፍል ይሆናል።

በየቤቱ ክርክርም አስነሥቶ ነበር። ስለ ልጆች፣ ስለ ባህል፣ ስለ ቤተሰብ ጨዋታ መቅረት ብዙ ተባለ። የእኛ ቤት ተቃዋሚ አባቴ ነበር። “እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላይም” ብሎ ጋዜጣውን ይዘረጋል። እናቴ አንድ ነገር ካመለጣት ግን ከጋዜጣው ጀርባ ማን ማንን እንደከዳ የሚያስረዳት እሱ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ቴሌቪዥኑን ብዙም አትከፍተውም ነበር። ኢስታንቡል እንሂድ ብዬ ስጠይቃት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ “የኒሃንን ቤት ታሳዪኛለሽ?” አለችኝ።

ድራማ ጎትቶ ወደዚያች ከተማ የወሰደን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። “ጉሙሽ” የተባለው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2008 “ኑር” ተብሎ በዓረብኛ ሲተላለፍ በዓረቡ ዓለም እጅግ ብዙ ተመልካች አግኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓረብ ጎብኚዎች የባለታሪኮቹን ቤት ለማየት ወደ ኢስታንቡል ጎረፉ። ቤቱ ካንዲሊ በሚባለው ሰፈር፣ ቦስፎረስ ዳር ያለው የአቡድ ኤፈንዲ ያሊ ነው። ያሊ ማለት ከውሃው ጫፍ ላይ የተሠራ የባለጸጎች ቤት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከኦቶማን ዘመን የቀሩ የእንጨት ቤቶች ናቸው።

በሩ ላይ ሲደርሱ

የእኛ የመጀመሪያ ቀን ስህተት ይህ ነበር፦ በር ፍለጋ ወጣን። ከኢንተርኔት የሰበሰብኩትን የቦታ ዝርዝር ለአንድ ሹፌር ሰጠሁት። እሱም ጠዋቱን ሙሉ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሲያዞረን ዋለ። በመጨረሻ አንድ ከፍ ያለ የግንብ አጥርና የተዘጋ የብረት በር ፊት አቆመንና “እዚህ ነው” አለን። አጥሩን አየን። ጥበቃው ወጥቶ በእጁ “ሂዱ” አለን። እናቴ ከመኪናው እንኳን አልወረደችም። “ይሄማ ቦሌም አለ” አለች።

እውነቷን ነበር። በድራማ የምናያቸው ትልልቅ ቤቶች አብዛኞቹ የግል ንብረት ናቸው፤ ሰው ይኖርባቸዋል ወይም ለቀረጻና ለሠርግ ይከራያሉ። ውጫቸውና ውስጣቸውም የአንድ ቤት ላይሆን ይችላል። ካሜራው ከባሕሩ በኩል የአንዱን ቤት ፊት ያሳየንና ሳሎኑን ስቱዲዮ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ በሩን ቢያስከፍቱም እንኳ ያ የሚያውቁት ደረጃ፣ ኤሚር የሚቆምበት ያ መስኮት ከበሩ ጀርባ ላይኖር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ያሊዎቹ የተሠሩት ከባሕሩ እንዲታዩ ነው። ያማረው ፊታቸው ወደ ውሃው ነው፤ ወደ መንገዱ ያለው ጀርባቸው ነው። በመኪና የሄደ ሰው የሚያየው አጥር ብቻ ነው።

የሁለት ብር ቤት ሳይሆን የሁሉም ጀልባ

በሁለተኛው ቀን ዝርዝሩን ትተን ኤሚኖኑ ከሚባለው የወደብ ሰፈር የሕዝብ ጀልባ ተሳፈርን። እዚህ ላይ ነው ጉዞው የተስተካከለው።

ቦስፎረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የባሕር መተላለፊያ ነው። በአንድ በኩል አውሮፓ፣ በሌላው በኩል እስያ ነው። ጥቁር ባሕርን ከማርማራ ባሕር ያገናኛል። በሦስት ድልድዮች ይሻገሩታል፤ የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከውሃው በታች የሚያልፍ ባቡር አለ። የከተማው ሰው ግን ዛሬም ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ በጀልባ ይመላለሳል። እርስዎም እንደ አውቶቡስ በሚከፈልበት የከተማው የትራንስፖርት ካርድ መሳፈር ይችላሉ። ረዘም ያለ ጉዞ ከፈለጉ ከኤሚኖኑ ተነሥቶ ወደ ጥቁር ባሕር አፍ፣ እስከ አናዶሉ ካቫጊ መንደር የሚሄደው የሕዝብ ጀልባ አለ። ያሊዎቹን በሙሉ በፊታቸው በኩል የሚያዩት ከዚህ ላይ ሆነው ነው።

ወገቡ ቀጭን በሆነች ትንሽ ብርጭቆ ሻይ ይመጣልዎታል። ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ፣ ሲሚት የሚሉትን፣ ገዝተው ይያዙ። የባሕር ወፎች ከጀልባው ኋላ ይከተላሉ፤ ልጆች ከዚህ በላይ የሚፈልጉት ነገር የለም።

እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቤቶቹ አንድ በአንድ አለፉ። ከዚያ ከኋላቸው ወዳለው ዳገት አመለከተችኝ፤ የተጨናነቁ የተራ ሰው ቤቶች ወደ ላይ ይታያሉ። “ከማል ከዚያ ነው የወረደው፤ እሷ ደግሞ ከዚህ” አለች። ብዙዎቹ የቱርክ ድራማዎች የሚሽከረከሩት በዚህ ርቀት ላይ ነው፤ ውሃው ዳር ያለው ሀብትና ዳገቱ ላይ ያለው ኑሮ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለመሻገር ግን ዕድሜ ይፈጃል። ይህን በር ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም።

ቀጥላ ሳላስበው ስለ አባቴ ማውራት ጀመረች። “አባትሽ ቢኖር ኖሮ ጋዜጣውን ይዞ ነበር የሚሳፈረው” አለች። እየሳቀች ስለ እሱ ስታወራ የሰማኋት ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። የኒሃንን ቤት ስትፈልግ ምን እየፈለገች እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

በእግር የሚታዩ ሰፈሮች

ከውሃው ሲወርዱ ሁለት ሰፈሮችን እንዲያዩ እመክርዎታለሁ።

የመጀመሪያው በእስያ በኩል ያለው ኩዝጉንጁክ ነው። ከኡስኩዳር ወደብ ብዙም አይርቅም። ጠባብ መንገድ፣ የዛፍ ጥላ፣ በቀለም ያጌጡ የእንጨት ቤቶች፣ ዳቦ ቤትና ሻይ ቤት ያለበት ሰፈር ነው። የቱርክ ቴሌቪዥን ለዚህ ሰፈር ያለው ፍቅር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 የታየው “ፔሪሃን አብላ” የተቀረጸው እዚህ ሲሆን፣ ዛሬ አንድ መንገድ በድራማው ስም ይጠራል። “አብላ” ማለት እኛ “እትዬ” እንደምንለው ለታላቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። እዚሁ ሰፈር የአርመን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር እህትማማች ናትና፣ እናቴ ከድራማው ይልቅ ይህ ደስ አሰኝቷት ተሳለመች።

ሁለተኛው በአውሮፓ በኩል፣ ወርቃማው ቀንድ በሚባለው የባሕር ክንድ ዳር ያለው ባላት ነው። ቀድሞ ብዙ አይሁዶች የኖሩበት ሰፈር ነው። ቀለማቸው የተለያየ ቤቶች ዳገቱን ይዘው ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2021 የታየው “ቹኩር” የወንበዴዎች ድራማ የተቀረጸው እዚህ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገትና ኮብልስቶን ስለሆነ ጉልበት የሚያማቸው አዛውንት ካሉ ታች ባሉት ካፌዎች ያሳርፏቸው።

በሁለቱም ሰፈሮች አንድ ነገር አደራ። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ደጃቸው ላይ ተቀምጦ፣ መስኮታቸው ሥር ተደርድሮ ፎቶ የሚነሣ ጎብኚ አሰልችቷቸዋል። እኛ በራፋችን ላይ የማናውቀው ሰው በየደቂቃው ቢቆምብን ምን እንላለን? ፎቶ ከመንገዱ ላይ ሆነው ያንሡ። በሰው ደረጃ ላይ አይቀመጡ። የተሰጣን ልብስና የሚጫወቱ ሕፃናትን አያንሡ። ከሰፈሩ ሱቅ ደግሞ አንድ ነገር ይግዙ። “መርሐባ” ብሎ ሰላምታ የሰጠ ሰው ሲሳቅለት አይቻለሁ።

ትወናውና እውነቱ

የሱልጣን ሱሌይማንንና የሚስቱን የሑረምን ታሪክ የሚተርከው “ድንቁ ምዕተ ዓመት” ከ2011 እስከ 2014 በብዙ አገሮች ታይቷል። ድራማውን ያዩ ሰዎች ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሲገቡ ግራ ይጋባሉ፤ ምክንያቱም በቴሌቪዥን ያዩት አብዛኛው በስቱዲዮ የተሠራ ነው። እውነተኛው ሐረም ኮሪደሮቹ የጠበቡ፣ ክፍሎቹም ከጠበቁት ያነሱ ናቸው። ያም ሆኖ ሰማያዊ የሸክላ ንጣፎቹን ለማየት ብቻ መግባት ተገቢ ነው። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞ ዝግ ነው።

ከዚያ ወደ ሱሌይማኒዬ መስጊድ ይሂዱ። ሲናን የተባለው ታላቅ መሐንዲስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1557 የጨረሰው ነው። ከመስጊዱ በስተኋላ ባለው የመቃብር ስፍራ ሱሌይማንና ሑረም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሕንፃ ውስጥ አርፈዋል። ታዳጊ ልጆች ካሉዎት ይህን ያሳዩዋቸው። በድራማ ያዩት ሰው በእርግጥ የኖረ መሆኑን፣ ድራማው ግን የጸሐፊ ፈጠራ የተጨመረበት መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ቤት ውስጥ “ድራማ አልወድም” የሚል ካለም አይቸገሩ። ባዚሊካ የሚባለው ከመሬት በታች ያለ ጥንታዊ የውሃ ማጠራቀሚያ በ1963 የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ታይቷል። የታላቁ ገበያ ጣሪያ ደግሞ በ2012 “ስካይፎል” ላይ ሞተር ብስክሌት ተነድቶበታል። ማጠራቀሚያውን ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ነው፤ ለእኛው ለአክሱሙ ንጉሥ ለካሌብ መልእክተኛ የላከው ያው ዮስጢኒያኖስ።

ከመነሣትዎ በፊት

• ቪዛ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ቪዛ ያስፈልጋል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት መስፈርቱን ከቱርክ ኤምባሲ ያረጋግጡ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት የሚጓዙ ዘመዶችዎ ደንቡ ስለሚለይ የየራሳቸውን ይጠይቁ።

• ጉዞው፦ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዓትዎን ማስተካከል አያስፈልግዎትም፤ የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ነው።

• ወቅቱ፦ የፈረንጆቹ ሚያዝያና ግንቦት፣ መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሞቃትና የተጨናነቁ ናቸው። በክረምታቸው ቅዝቃዜው ከባድ ነው።

• ምግብ፦ የሙስሊም ቤተሰቦች ሐላል ምግብ ለማግኘት አይቸገሩም። ጾም ላይ የሆነ ካለ በወይራ ዘይት የሚሠሩትን የአትክልት ምግቦችና ሩዝ የተጠቀለለበትን የወይን ቅጠል ይጠይቅ። የምስር ሾርባው ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

• ዝርዝሩ፦ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ቦታ ብቻ ይምረጥ። አምስት ሰው ካላችሁ አምስት ቦታ ይበቃል። በቀን ከሁለት በላይ አይያዙ። እግር የሚደክማቸውን አዛውንት መሠረት አድርገው ያቅዱ እንጂ የወጣቱን ጉልበት አይመልከቱ።

• ቤት ውስጥ፦ ከመሄድዎ በፊት የወደዳችሁትን አንድ ክፍል አብራችሁ እንደገና እዩ። እዚያ ስትደርሱ የምታወሩት ነገር ይኖራችኋል።

ሩቅ መሄድ ለማይመቸው

ወጪው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የውጭ ምንዛሬ፣ ቪዛ፣ ትኬት፤ ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ነው። ግን ይህ ዓይነት ጉዞ የግድ ባሕር ማዶ መሆን የለበትም። የኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ታሪኩ ከጀርመን ተመልሶ ወደ ጣና ዳሯ መንደሩ የሚመጣ ምሁር ታሪክ ነው። ፊልሙን ከታዳጊ ልጆችዎ ጋር አይተው በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ጣና ላይ በጀልባ ቢሄዱ፣ ልጆቹ ሐይቁን ለፎቶ ብቻ አያዩትም። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው ማጣራትዎን ግን አይርሱ።

ከዚያም ቀለል ያለ አለ። የሚወዱት የአገር ውስጥ ድራማ አዲስ አበባ ውስጥ የት ሰፈር እንደተቀረጸ ልጆችዎን ይጠይቋቸው። እነሱ ያውቁታል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንን መንገድ አብራችሁ ሂዱና እዚያው አቅራቢያ ማኪያቶ ጠጡ። ትኬት አያስፈልግም።

ከተመለስን በኋላ አንድ ማታ እናቴ ቤት ስደርስ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ አገኘሁት። የድሮው ድራማ በድጋሚ እየታየ ነበር። ጀልባ ሲያልፍ “እዚህ ጋ ነው ሻይ የጠጣነው” አለች ለጎረቤቷ። ቀጥላም አባቴ ኤሚርን ምን እያለ ይሰድበው እንደነበር መተረክ ጀመረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጮኸ፤ አላነሣሁትም።